ሐኪሙ ያልቆረጠው ጡቴ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ መሬቱ ከተደለደለ በኋላ እንደነበር ግን አልስትም። ለልብ ድካሜ ክኒን መዋጥ ከጀመርሁ ወዲህ ጡቴ እንደ ኮረዳ ጡት አጎጠጎጠ። ጠበል ቦታ ከወንዶቹ ጋር ልብሴን ማውለቁን ተውሁት። ደቦ ላይ አንዱ ጎረቤቴ፣ «አያ፣ ጥጃውን የት አሰሩት?» ሲለኝ አጫጁ ሁሉ ሳቀ።

ፍኖተ ሰላም ሄጄ ሐኪሙን፣ «ቁረጡልኝ» አልሁት።

«አባቴ፣ ያሳበጠው ክኒኑ ነው፤ የሚተካው ሌላ ደግሞ እዚህ የለንም። ብንቆርጠውም ክኒኑን እስከዋጡ ድረስ ተመልሶ ሊያብጥ ይችላል። ልብዎም ማደንዘዣውን አይችለውም» አለኝ።

ዓለም ጨለመብኝ። ፍልሰታ ሲገባ በጾሙ አሳብቤ ክኒኑን ተውሁት፤ ከእንዲህ ያለው ኑሮ ሞት ይሻለኛል ብዬ ነው። በሳምንቱ እግሬ አበጠ፤ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር።

የነፍስ አባቴ ሰምተው መጡ። «ልጄ፣ ጾም መድኃኒት አይከለክልም። አንተ የሸሸኸው የሰው ሳቅ ነው» ብለው ክኒኑን እስክውጥ ከፊቴ አልተነሡም። ጡቴ ዛሬም አለ፤ ሀፍረቱም አለቀቀኝም። ያን ክረምት ያሻገሩኝ ግን እኒያ የነፍስ አባቴ ናቸው።