የሚቲ ርክክብ

ሹባላክሽሚ ሻክያ አራት ሰው አባርራለች። አራቱም በነጻ ሊረዷት የመጡ ነበሩ። አንደኛው የጻፈው ሁሉ ትክክል ነበር፤ አጻጻፉ ስላስጠላት ብቻ ሸኘችው። ሌላዋን «መጀመሪያ ማንበብ ተማሪ» አለቻት። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ነበር።

የሚረዷት ሚቲ በሚባል ፕሮግራም ሥራ ነበር። ሚቲ ማለት ቀን ማለት ነው። ፕሮግራሙ የአገሩን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ አገሩ ይመልሳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሹባ በቴሌ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ሳለች ጻፈችው፣ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቀችው፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ብቻዋን ትጠብቀዋለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ፓታን ከተማ ውስጥ ከአንድ ግቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና በየቀኑ ስድብ ታነባለች። ሚቲን የማይጠቀም ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና የብድር ማኅበር ጥቂት ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽባቸው ሁሉም የሚሰድቡት እሷን ነው።

አስቸጋሪው የወራቱ ርዝመት ነው። አሳር የሚባለው ወር አንዱን ዓመት ሠላሳ አንድ ቀን፣ ሌላውን ሠላሳ ሁለት ይሆናል። ኮከብ ቆጣሪዎቹ በየዓመቱ ተቀምጠው፣ ተጨቃጭቀው ይወስናሉ፤ ከዚያ ቀን መቁጠሪያው ታትሞ ገበያ ይወጣል። ከዚያ በፊት በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሹባ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከማይዋደዱ ሁለት አታሚዎች ሁለት ቀን መቁጠሪያ ትገዛለች። ጎረቤቷ ሽማግሌው ጆሺ፣ ራሳቸው ኮከብ ቆጣሪ ናቸው፣ ከአንዱ ጮክ ብለው ያነቡላታል፤ እሷ ትጽፋለች። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። እሷ ከሁለተኛው ታነባለች፣ ሽማግሌው ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀሙ ይጽፋሉ። ሁለቱ ጽሑፎች ከተስማሙ አዲሱ ዓመት ሚቲ ውስጥ ይገባል። ካልተስማሙ አይገባም። ያልገባ ዓመት የጠየቀውን ሰው ሚቲ «አልታወቀም» ብሎ ይመልሰዋል።

ባለፈው ቻይትራ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ወር፣ ሹባ የሐሞት ከረጢቷን ልታስወጣ ሆስፒታል ገባች፤ አዲሱ ዓመት ሚቲ ውስጥ ሳይገባ ባተ። የብድር ማኅበራቱ ደረሰኝ መቁረጥ አቃታቸው። የፕሮግራሙ ገጽ ላይ አንድ ሰው «ሴትዮዋ ሞተች እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ኒሽቻል ባስኔት የሚባል «ሞታ ከሆነ የሚቲን የመግቢያ ቁልፍ ለማን ተወችው?» አለ።

ሹባ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ በስልክ መለሰች፦ «አልሞትኩም። ና ውሰደው።»

ኒሽቻል ኩላ ቾክ የሚባል ማኅበር ይመራል። በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ የተንጠለጠሉ ነጻ ፕሮግራሞችን እየተረከቡ በጋራ የሚጠብቁ ወጣቶች ናቸው። ርክክቡ ለአንድ ቅዳሜ ተቀጠረ፤ ኩፖንዶል ሰፈር፣ ሞሞ የሚባለው ሥጋ የታጨቀበት ሊጥ ከሚሸጥበት ቤት በላይ ባለችው ክፍላቸው። ሹባ ጆሺን አስከትላ ደረጃውን ወጣች። ሽማግሌው የመጡት ለሞሞው ነበር፤ አልደበቁትም።

«ናማስቴ ዲዲ» አለ ኒሽቻል፣ እንደ ታላቅ እህት እየጠራት። «ደህና ነዎት? ስፌቱ ዳነልዎት?»

«ስለ ሆዴ ላወራ አልመጣሁም። አዘጋጅታችሁ ያስቀመጣችሁትን አሳዩኝ።»

«መጀመሪያ ፈቃዱን ያዛውሩልን፣ ከዚያ አብረን እናያለን።»

«መጀመሪያ አሳዩኝ።»

ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ፔማ የምትባል ልጅ ነበረች። ኒሽቻልን አየችው፣ ከዚያ ማያውን ወደ ሹባ አዞረች። ሹባ መነጽሯን አውጥታ አነበበች። የሚቀጥለው ዓመት አለ። ከሱ በኋላ ያለውም አለ። እየወረደች ሄደች፤ ስልሳ ዓመት ተሞልቷል።

«ይሄን ማን ነገራችሁ?»

«ማንም። የፀሐይን አካሄድ አስልተን አወጣነው። ቀመር ነው።»

«ያለፉትን ዓመታት በቀመሩ ሞክራችሁታል?»

«አብዛኛው ይገጥማል።»

«አብዛኛው!» አለች ሹባ። «ልደትህ አብዛኛውን ጊዜ ልደትህ ነው?»

ጆሺ ሞሞ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ሳቁ፤ ትን አላቸው። ፔማ ውኃ ቀዳችላቸው።

ኒሽቻል አልሳቀም። «ዲዲ፣ የብድር ማኅበር ሃያ ዓመት የሚከፈል ብድር ይሰጣል። የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደሚውል ማወቅ አለበት። የእርስዎ ሚቲ ምን ይለዋል? አልታወቀም! አልታወቀም የሚል ኮምፒውተር ማን ይፈልጋል?»

«ካልታወቀ ምን ይበል?»

«የቀረበውን ይናገራ። አንድ ቀን ቢሳሳት ሰማይ አይደፋም።»

«አንድ ቀን የተሳሳተ የልደት ቀን ይዞ ፓስፖርት ያወጣ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲመለስ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሞቱ እንዴ እየተባለ አገር ሙሉ በር ላይ ሲቆም ግን አይቻለሁ» አለ ኒሽቻል። ድምፁ ከፍ አለ። «ማንንም አላስገቡም። አራት ሰው አባረሩ። አንዱ ጓደኛዬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም በነጻ አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። አሁን ደግሞ ስለ ጥንቃቄ ሊያስተምሩን ነው?»

ይሄኛው እውነት ነበር። ኒሽቻል ያገኘውን አልለቀቀም፤ ወደ ሽማግሌው ዞረና እንደ አባት ጠራቸው።

«ጆሺ ባ፣ እርስዎስ? ሰው እድሉን ሊጠይቅ ሲመጣ አልታወቀም ብለው ይሸኛሉ?»

«እኔማ እናገራለሁ» አሉ ጆሺ እጃቸውን እየጠረጉ። «ሰውየው ግን እቤቱ ሳይደርስ ይረሳዋል። ያንተ ማሽን ይረሳል?»

«ባ፣ እርስዎ ሞሞዎን ይብሉ።»

«እየበላሁ ነው። ማጥቀሻው አቺያር ግን ውኃ ውኃ ይላል።»

ሹባ የራሷን ኮምፒውተር ከፈተች። ማዛወሪያው ገጽ ላይ ደረሰችና እጇን አነሳች። «ኮዱ የማንም ነው። አሁኑኑ ቅዱት፣ ሌላ ስም ስጡት፣ ስልሳ ዓመት አይደለም ስድስት መቶ ሙሉበት። ለምን ስሙን ፈለጋችሁ?»

ለምን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሚቲ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ገብቷል፤ አዲስ ነገር በሚቲ ስም ከወጣ ሳይጠየቅ በየቦታው ይደርሳል። በሌላ ስም የወጣ ግን ደጅ ይጠናል።

«ለብድር ማኅበራቱ ቃል ገብተናል» አለች ፔማ በመጨረሻ። «የሚቀጥለው ሰኞ—»

«ፔማ!» አላት ኒሽቻል።

«ታዲያ ይወቁ እንጂ፣ ወንድሜ። ገብተናል፤ አልገባንም?»

ሹባ ገጹን ዘግታ ወደ ቤቷ ልትሄድ ትችል ነበር። አሰበችውም። ግን ሐኪሙ ጉበቷ ላይ ያየውን ነገር እንድትመረመር ለሌላ ቀጠሮ ጽፎላታል፤ ይህን ለጆሺ እንኳ አልነገረችም። ይዛው ብትሞት ቁልፉን የሚከፍት የለም። ሰጥታው ብትሄድ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ግምቱ በእውነት ስም አገር ይሞላል።

«ስማ» አለች። «ሁለት ይሁን። ሚቲ እንዳለ ይቀጥላል፤ ሁለት ሰው ካላነበበው ዓመት አይገባበትም፣ ያልታወቀውን አልታወቀም ይላል። ይህ በደንባችሁ ይጻፍ። ስልሳውን ዓመት ለብቻ አውጡት፤ የፈለገ በእጁ ይጨምረው። ስሙ አንዳጅ ይሁን።»

«ግምት?»

«ግምት። ኃላፊው ብለህም የራስህን ስም ጻፍ። የማኅበሩን አይደለም፤ ያንተን።»

ኒሽቻል ከወንበሩ ተነሳ። «ግምት የሚባል ነገር ብድር ውል ውስጥ የሚያስገባ እብድ ማን ነው?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቅህ።»

«ይሄ ምቀኝነት ነው ዲዲ።»

«ይሁን።»

ጆሺ የመጨረሻዋን ሞሞ አነሱ። ኒሽቻል መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከታች ሞተር ብስክሌቶች ጡሩምባቸውን ያስጮኻሉ። ተመልሶ ሲቀመጥ ሹባን አላያትም። «ጻፊው» አለ ለፔማ። «እንዳለችው ጻፊው።» እንዳሉት አላለም።

ፔማ ጻፈች። ሹባ እያንዳንዱን መስመር አነበበች፤ ሁለት ቦታ አስተካከለች፣ ኒሽቻል ጥርሱን ነከሰ። ስልሳው ዓመት ከሚቲ ወጥቶ አንዳጅ ሲገባ፣ ከሥሩ የኒሽቻል ስም ሲሰፍር አየች። ከዚያ ሚቲን አዛወረችላቸው። ጥቂት ቆይታ ገጹን ብታድስ ስሟ ከጠባቂዎቹ መካከል አልነበረም።

«ሚስ፣ የሰጠ ሰው ቁልፍ አያስቀርም» አለች ፔማ ቀስ ብላ። «የቤቱ ደንብ ነው። የተለየ ምክንያት የለውም።»

«ይህን ያህል ፈጣን ናችሁ ለካ» አለች ሹባ፤ ኮምፒውተሯን አጣጥፋ ወጣች። ሻይ አልጠጣችም። ማንም ደረጃው ድረስ አልሸኛትም።

ቻይትራ ተመልሶ ሲመጣ ስልኳ ጮኸ። ኒሽቻል ነበር። ከርክክቡ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«ሁለቱ ቀን መቁጠሪያዎች አሳር ላይ አይስማሙም» አለ። «አንዱ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ ሠላሳ ሁለት።»

«ያጋጥማል።»

«ማኅበራቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመዋል። ቀመሩ ሠላሳ ሁለት ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ሙላው። ቁልፉ አንተ ጋ ነው።»

ከኒሽቻል ጀርባ አንድ ሰው ቁጥር ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ሌላ ሰው «ቀስ በል እንጂ!» ሲለው ተሰማት።

«ሦስተኛው አታሚ መቼ ያወጣል?» አለ ኒሽቻል።

«ሲያወጣ።»

«እንደዚህ ነው የሚመለሰው? አንድ ጥሩ ቃል ከአፍዎ ቢወጣ ምን ይጎድልብዎታል?»

ሹባ ስልኩን ዘጋችው። ኮምፒውተሯን ከፈተችና እንደ ማንኛውም ሰው የመጪውን ዓመት አሳር ሠላሳ ሁለትን ጠየቀች።

አልታወቀም፣ አለ ሚቲ።

ከምሳ በኋላ ደግማ ጠየቀችው። በማግስቱም ጠየቀችው፤ ኒሽቻልን አላመነችውም።