ያጠብኩት ፋኖስ

እኛ አገር የተፋሰስ ሥራ የሚጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማውን ይዞ ተራራ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል፣ ስሙ ይጠራል። ያልመጣ ይቀጣል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከቤታችን የምወጣው እኔ ነበርኩ። የዚያን ዓመት ግን ጉልበቴ ተያዘና ልጄ "አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እሄዳለሁ" አለችኝ። ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ደብረ ታቦር ተምራ ወረቀቷን ይዛ መጥታለች፤ ሥራው ገና አልመጣም። እሷ እስክትቀጠር እርከኑ ይሠራ ብለን ላክናት፤ ላክናት ስል እኔና ጉልበቴ ማለቴ ነው።

እኔ ፈሪ ነኝ። አገር የሚያውቀው ስለሆነ ብደብቀውም አይደበቅም። ልጄ በመኪና ወገዳ ከተማ ስትሄድ ይገለበጣል ብዬ እፈራለሁ። በእግሯ ስትሄድ ወንዙን እፈራለሁ። ስልክ ካላነሳች አንድ ነገር ሆናለች፤ ካነሳች ደግሞ የደበቀችኝ ነገር አለ። ያን ጊዜም የፈራሁት ዶማው እግሯን ይመታታል ብዬ ነበር።

ዶማው የመታው ግን ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዳገት ላይ ስትቆፍር አንድ ነገር ጮኸ። ድንጋይ እንዲህ አይጮኽም ብላ ዶማውን ጥላ በእጇ አወጣችው። ስንዝር ተኩል ያህል የሚረዝም፣ አፈር የጠጣ፣ አረንጓዴ የሆነ ብረት ነው። ሥራው ቆመ። ስም የሚጠራው ሰው ብቻ "ኧረ ቁፋሮው" እያለ ቀረ። አንዱ ደወል ነው አለ፣ ሌላው ጽና ነው አለ። ጽና ዕጣን የሚታጠንበት ነው፤ ይሄ ግን በር ነበረው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር መጥቶ አፈሩን በጣቱ አራገፈና ስድስት ጎን እንዳለው፣ በየጎኑም መስቀል ተበስቶ እንደተሠራ አሳየ። ብርሃኑ በመስቀሉ ቀዳዳ እንዲወጣ ነው። አናቱ ላይ የሰንሰለት ቀለበት አለ። ፋኖስ ነው ተባለ።

እኛ አገር ከመሬት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በጥንት ጊዜ መነኮሳት ከጠላት የሸሸጉት ነው፤ የተሰበረ ምንቸት እንኳ ቢሆን። ስለዚህ ይሄም መነኮሳት የሸሸጉት ሆነ። መቀመጥ የነበረበት የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን ቄሰ ገበዙ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አርብ ገበያ ከሚባለው ከተማ ማዶ ለወንድማቸው ተዝካር ሄደዋል። ያ ቁልፍ ከእሳቸው ወገብ ወደ ሌላ ወገብ አይዞርም። ሊቀመንበሩ ወረዳ ደወለ፤ የቅርስ ባለሙያ ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገሩት። እስከ ቅዳሜ ያገኘችው ታስቀምጠው ተባለ። በስልኩ ከየጎኑ ፎቶ አነሳው፣ ወረቀት ጻፈ፣ ልጄም ፈረመች። ፊርማዋ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ነው፤ ኮሌጅ የተማረችው እሱን ጭምር ነው።

የወረቀቱ ግልባጭ ቤት መጣ። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አላሳለፍኩትም፤ እሱንም ካደግሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ግን አልዘልም። "ዕቃው በጥንቃቄና በንጽሕና ተጠብቆ ይቆያል፤ ጉድለት ቢገኝ ተረካቢዋ በሕግ ትጠየቃለች" ይላል። "በሕግ ትጠየቃለች" የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አላነሰም። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ "በንጽሕና" የሚለውን አነበብኩ። ቀና ብዬ ፋኖሱን አየሁት። ሰፌድ ላይ ተቀምጧል። አረንጓዴው እከክ ይመስላል፣ ከቀዳዳው ጭቃ ይወርዳል፣ ከውስጡ አንዲት ጉንዳን ወጣች። ከወረዳ የሚመጣ ሰው ይሄን ቢያይ ልጄን ምን ይላታል? አደራ ተቀብላ በቆሻሻ አስቀመጠች ይላል። እንግዳ ሊያየው ለሚመጣ ዕቃ ደግሞ ወረቀት ባይኖርም ይታጠባል። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ።

ሐሙስ ልጄ እርከን እንደወጣች ጀመርኩ።

መጀመሪያ በውኃ ዘፈዘፍኩት፤ ምንም አላለም። በሳሙና አሸሁት፤ ሳቀብኝ። ከዚያ ሎሚ ቆርጬ፣ ጨው ነስንሼ፣ የተነፋ አመድ ጨምሬ በጨርቅ ያዝኩት። አረንጓዴው መልቀቅ ጀመረ። አንዱን ጎን ስጨርስ ቀዩ ብረት ወጣ፣ ደግሜ ሳሸው ብጫ ሆነ። በየመስቀሉ ቀዳዳ እንጨት ላይ ክር ጠምጥሜ አስገባሁ። እስከዚያ ያልተከፈተው በር ዓርብ ዕለት በቅባት ለስልሶ ተከፈተ። ውስጡ ክር የሚቀመጥባት ትንሽ ጽዋ አለች፤ ግድግዳው ትናንት የበራ ይመስል ጥቀርሻ ለብሷል። እሱን ማስለቀቅ ከሁሉም ባሰ። ዓርብ ከሰዓት ላይ አለቀ። ፊቴን አየሁበት፤ የፈራ ሰው ፊት ነበር። ሐሙስ ማታ እንዳደረግሁት በታጠበ ነጠላ ጠቀለልኩት። ልጄ ስትመጣ አቧራ እንዳይነካው እንዳትፈቺው አልኳት። ደክሟት ነበርና አልፈታችውም።

ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጽዱ ሥር ተሰበሰብን። ሽማግሌዎች አሉ፣ ሊቀመንበሩ አለ፣ ባለሙያው መጥቷል። ባለሙያው መነጽር ያደረገ ወጣት ነው፤ መኪናው ከወንዙ ማዶ ስለቀረ ጫማው ጭቃ ሆኗል። ልጄ ነጠላውን ፈታች።

ፀሐይ አረፈበት። ሊቀመንበሩ በእጁ ዓይኑን ከለለ። ባለሙያው ስልክ ላይ ያለውን ፎቶ አየ፣ ፋኖሱን አየ፣ መልሶ ፎቶውን አየ። "የተገኘውስ?" አለ። ልጄ ይኸው ነው አለችው። ይህን ብላ ወደ እኔ ዞረች። ነገሩ ሁሉ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሊቀመንበሩ ተቆጪ ሰው አይደለም፤ የዚያን ቀንም አልጮኸም። ይሄ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ የኛው የት እንደገባ ንገሪን አላት። የድሮ ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎች በየአገሩ እንደሚዞሩ፣ ወረቀቱ ላይ የፈረመችው እሷ እንደሆነች፣ ነገሩ ወገዳ ፖሊስ ዘንድ ከሄደ ከእሱ እጅ እንደሚወጣ አስረዳት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገር አዋቂ ናቸው፤ "እስቲ ገልብጡት፣ የዋጋው ወረቀት ይኖር ይሆናል" አሉ። ሰው ሳቀ።

ልጄ አልሳቀችም። "ያው ነው፣ አልለወጥኩትም። ቆሽሾ ስለነበር አጥቤው ነው" አለች።

ባለሙያው በምን እንዳጠበችው ጠየቃት። በሳሙና አለች። ሽማግሌው "ሳሙና እንዲህ የሚያድስ ከሆነ እኛስ ምነው ሳንታጠብ ቀረን?" አሉ።

እዚህ ላይ እኔ መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ተያዘ ልበል? አልተያዘም፤ ደህና ነበር። ያሰብኩት ይሄን ነው፦ እኔ ነኝ ካልኩ በሕግ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ሕግ ሲጠይቅ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላውቅም፤ እሷ የተማረች ናት፣ መልስ አታጣም። ይሄን አሰብኩና ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

ምስክር ከሌለ ትማል ተባለ። እኛ ዘንድ ምስክር የሌለው ነገር የሚያልቀው በመሐላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ "ዋሽቼ እንደሆነ ዕድሜዬን ያሳጥረው" የሚል ሰው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቀውም። ቀሪውን በሩ ይጠይቀዋል። በወሰን ነገር በሐሰት ምሎ አዝመራውን ሳይሰበስብ የሞተ ሰው ታሪክ በየቤቱ አለ። እውነት ይዞ እንኳ መሐላ የሚሸሽ ብዙ ነው፤ እናቴ ለእውነትም ቢሆን በሩን ይዛ አታውቅም። ሽማግሌው የሚባለውን ቃል ነገሯት፦ ከእጄ አልወጣም፣ ያጠብኩትም እኔው ነኝ።

ልጄ እሺ አለች። ጫማዋን አወለቀች።

የመጀመሪያው ቃል እውነት ነው። ሁለተኛው ሐሰት ነው። ሐሰቱን የምትምለው ስለ እኔ ነው። በሩ ዘንድ የሚያደርስ ደረጃ አለ፤ ሦስት ነው። አንዱን ወጣች። ሁለተኛውን ስትረግጥ "እኔ ነኝ" አልኩ። የሰማኝ የለም። አፌ ላይ ያለውን ነጠላ አንስቼ ደገምኩት።

"እኔ ነኝ ያጠብኩት። ውረጅ። በሳሙና አይደለም፤ በሳሙና እንዲህ አይለቅም። በሎሚ፣ በጨውና በአመድ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።"

ልጄ እዚያው ቆመች። ሊቀመንበሩ "እናት ናት፣ ምን ትበል" አለ። ይህን በደግነት ነው ያለው፤ ግን አላመነኝም ማለት ነው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ደፍሬ ስናገር ልጇን ልታድን ነው ተባልኩ።

ባለሙያው ግን ቀረብ አለና "እናቴ፣ ያጠቡበትን የት ደፉት?" አለኝ።

ከጓሮዬ፣ ከጌሾው ሥር አልኩት። እንሂድ አለ። ሸንጎው ሁሉ ተነስቶ ወደ ጓሮዬ ሄደ፤ ሽማግሌው በከዘራ፣ እኔ በጉልበቴ። አመዱ እዚያው ነበር፤ ነጩ ላይ አረንጓዴው ተዘርግቶ፣ ከጎኑ ጥቁሩ፣ የሎሚው ልጣጭ በላዩ። ጨርቁም አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ ጎመን የተፈጨበት ይመስላል። ባለሙያው ቁጭ ብሎ ከአመዱ ቆነጠረ። ፋኖሱን አምጡ አለና በሩ የሚታጠፍበትን ቦታ በማጉያ መስታወት አየ። እኔ ያልደረስኩበት አረንጓዴ ማጠፊያው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ማፈሬ አልቀረም፤ ሁሉንም ያወጣሁ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን አስተያየና ተነሳ። ከዚያ ደግሞ ፎቶው ላይ ጫፏ ተጎምዶ የምትታየውን የአናቱን ቀለበት ከዕቃው ጋር ለሊቀመንበሩ አሳየው። ያው ነው አለ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጠፈ። ልጄን፣ አደራ ሆኖብኝ ነው አላት። አውቃለሁ አለችው። ሽማግሌው ለእኔ "የኔን ከዘራ ጫፍ ብታሺልኝስ?" አሉኝ። ሰው እንደገና ሳቀ፤ ያሁኑ ሳቅ ይሻላል።

ባለሙያው አልሳቀም። እንዲህ ያለ ፋኖስ ከብዙ ዘመን በፊት ምናልባት በንግድ ከሩቅ የመጣ፣ ምናልባትም እዚሁ የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ነገረን። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ላዩ ላይ ከነበረው አረንጓዴና ከውስጡ ነው። ጥቀርሻው ደግሞ የነደደው ኑግ ይሁን ቅቤ ይሁን ሰም ይናገር ነበር። "እናቴ፣ ያጠቡት ቆሻሻውን አይደለም፤ ዕድሜውን ነው" አለኝ። ሎሚው የኔው ዛፍ ነው አልኩት። ከቦርሳው ላስቲክ አውጥቶ አመዱን በማንኪያ ሰበሰበ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ፣ ጨርቁንም ጨመረ። በየላስቲኩ ላይ ጻፈበት። እኔ በሕይወቴ ብዙ አመድ ደፍቻለሁ፤ ተጽፎበት የሄደ እሱ ብቻ ነው። ፋኖሱንም ራሱ ፈርሞ ተረከበ። ሲፈርም እናቱ ብታየው ትፈራ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ከልጄ ጋር ባቄላ መፈልፈል ጀመርን። ከሰፌዱ ግማሹን ከፈለፈልን በኋላ ነው የጠራችኝ።

"እማዬ።"

"ወይ።"

"ልምል ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ፈራሁ።"

"እኔስ አልፈራም?"

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመት ስለ እሷ ስፈራ፣ መፍራት የኔ ሥራ፣ አለመፍራት የእሷ ሥራ ይመስለኝ ነበር። እንደምትፈራ አላወቅሁም አልኳት። "በሩ ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ነበር የፈራሁት" አለች፤ "ካየሽው አንቺ ትወድቂያለሽ።" ከዚያ ባቄላዋን ቀጠለች። እኔም ቀጠልኩ።

ውኃ ስንቀዳ ሴቶቹ ነገሩን ሲያወሩት፣ ትማል እንደተባለ እንደ ነብር ተወርውሬ ልጄን ከደረጃው ያወረድኳት አድርገው ነው። ፊት ለፊቴ ያወሩታል፤ አላረምኳቸውም፤ ደስ ይላል። እዚህ ግን የምጽፈው የሆነውን ነው። ደረጃው ሦስት ነው። የተናገርኩት ሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስትወጣ ዝም ብዬ አይቻታለሁ።