ሽቅብ የተነሡ ክንዶች

ስንቅነሽን ቅዳሜ ገበያ ባየኋት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። አክስቴ ይርገዱ ግን አይታ እንዳላየች ታልፋታለች፣ በቃ። እኔ እንደሷ ቻይ አይደለሁምና ልናገረው።

ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ በሚልበት ክረምት ይርገዱ በደባርቅ የወጣቶች ማኅበር የሰልፍ ትርኢት መሪ ነበረች። ከልጃገረዶቹ ፊት ቆማ "እጅ በወገብ! ክንድ ወደ ጎን! ክንድ ሽቅብ!" ስትል ሜዳው ሁሉ አብሯት ይንቀሳቀሳል። የልጆቹ ትከሻ እስክስታ የለመደ ስለሆነ ክንዳቸውን ሲዘረጉ እሱም አብሮ ይነሣል፤ እሷም እየዞረች ትከሻ ስትጫን ትውላለች። በዓሉ ጎንደር ላይ ሲከበር በደንብ የመራች ልጅ ለስፖርት አስተማሪነት ስልጠና ትላካለች ተብሏል። አያቴ በጠላ ንግድ ላሳደገቻት ልጅ ከዚያ የተሻለ የእንጀራ በር አልነበረም። ስንቅነሽ ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ በአንድ ነጠላ ተጠቅልለው ያደጉ።

በዓሉ ሲቃረብ አሠልጣኙ ደምለው አንድ ነገር ለወጠ። ሽቅብ የሚነሣው ቡጢ ነበር፤ "ከመድረክ ሲያዩት እንዲያምር መዳፋችሁን ክፈቱ" አላቸው።

"ጓድ ደምለው፣ ጸሎት አይመስልም?" አለችው ይርገዱ። ሳቀባት።

ያ ዓመት ዝናብ የጠፋበት ነው። ልምምዱን አይተው እንዲያጨበጭቡ ከጃናሞራና ከአምባራስ የተጠሩት ገበሬዎች ምሕላ ላይ የሰነበቱ ናቸው። ያ ሁሉ መዳፍ ወደ ሰማይ ሲዘረጋ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አደግድገው ብድግ አሉና "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!" አሉ። ገበሬው ሁሉ ተቀበላቸው። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ መድረክ ላይ ያሉት ካድሬዎች ይተያያሉ። የሚያስቆመው ጠፋ።

ዋናው ካድሬ ወርዶ "ይህን ማን አመጣው?" ብሎ ጮኸ።

ደምለው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "እኔ ያስተማርኩት ቡጢ ነው" አለ። አያፍርም እኮ! ካድሬው ወደ ልጆቹ ዞረ። ስንቅነሽ ከሰልፉ ወጣ ብላ፣ ክንዷን ዘርግታ ይርገዱ ላይ ጣቷን ቀሰረች።

"እሷ ናት። መዳፋችሁን ክፈቱ ያለችን እሷ ናት።"

ይርገዱ ከካድሬው ይልቅ ስንቅነሽን ነበር የምታየው። ተሳስታ ይሆናል፣ አሁን ታርመዋለች ብላ ጠበቀች። አላረመችውም። ይርገዱ ቀበሌ ታስራ ስትፈታ ስሟ ከማኅበሩ ተሰርዞ፣ መሪነቱም ለስንቅነሽ ተሰጥቶ ጠበቃት።

ወደ ጎንደር የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ስንቅነሽ እነ ይርገዱ ቤት ድረስ መጣች። አያቴ ይቅርታ ልትጠይቅ መስሏት መቀመጫ አቀረበችላት።

"ይርግዬ" አለች ስንቅነሽ፣ "ክንዴን ወደ ጎን ስዘረጋ ክርኔ እየታጠፈ አስቸገረኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ በሞቴ አንዴ አሳዪኝ።"

አክስቴ በሩ ላይ እንደቆመች ክንዷን አየች።

"ያን ቀን በእኔ ላይ ስትዘረጊው ቀጥ ብሎልሽ ነበር" አለቻት። "እንደዚያ አድርጊው።"