ለትራክተር የተጠራ ዋስ

አጎቴ ትራክተሩን የገዛው ከአንድ የተዘጋ እርሻ በጨረታ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ የአዲስ አበባ ዳር የነበረችው ለቡ ገና የሽምብራና የጤፍ ማሳ ነበረች፤ እሱም የራሱን አርሶ ሲጨርስ የጎረቤቶቹን መሬት በኪራይ እያረሰ ቤቱን ያስተዳድር ነበር። የትራክተሩ ሁለት የፊት ጎማዎች ከሞተሩ ሥር ጎን ለጎን ተጣብቀው የቆሙ ስለነበሩ ከሩቅ ሲያዩት ባለ ሦስት እግር ይመስላል። በመስመር የተዘራ ሰብል መካከል እንዲያልፍ ታስቦ የተሠራ ነው። ለሜዳ ደህና ነው፤ የአጎቴ ማሳ ግን ግማሹ ተዳፋት ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ተዳፋቱ ላይ ሲያዞረው በጎኑ ተገለበጠ። አጎቴን ወርውሮ ጣለው፤ ጭኑ ተሰበረ። ትንሽ ወደ ታች ወድቆ ቢሆን ኖሮ ብረቱ ሥር ይቀር ነበር። መጀመሪያ የደረሰችለት ባለቤቱ ናት። በዚያው ቀን የትራክተሩን ቁልፍ ነቅላ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፤ ነሐሴ እስኪጋመስም አልፈታችውም።

አጎቴ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር ለመናት፤ ተቆጣ፤ አኮረፈ። የሽምብራ መዝሪያ እየደረሰ ነበር። ጥቁሩ የመረሬ አፈር እርጥበቱን ሳይጨርስ ካልታረሰ ለዓመቱ ቤቱ የሚተዳደርበት የለም። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከባት። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መግባቱ ያለ ነው፤ ስለ ትራክተር ሲገባ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ ባይፈቅድም ጋዜጠኛ ነው፣ መናገር ያውቃል ተብዬ ነው። አንድ ቃል አልተናገርኩም።

“ልጄ፣” አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ “የጥፋቱ ምንጭ የፊት እግሩ መጥበቡ ነው ይላሉ። የፊት ጎማዎቹን የሚያራርቅ ሰፊ አክስል ይገባለታል። ከዚያ ቁልፉን ስጪው።”

“ማነው እንደዚያ ያለው?”

“መካኒኩ።”

“ሲሰበር የሚያስታምመው መካኒኩ ነው?” ቀጥላም “እሺ። ዋስ አምጡ” አለች።

“ለባልሽ?”

“ለትራክተሩ።”

ሁለተኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እሷ አልሳቀችም። በእርቅ ላይ ያጠፋው ሰው ጥፋቱን እንዳይደግም ዋስ ይጠራል፤ የጠየቀችውም ይህንኑ ነው።

መካኒኩ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ጋራዥ ያለው፣ ራሱን ማሞገስ የማይሰለቸው ሰው ነበር። ነገሩ ሲነገረው “ዋሱ እኔ ነኝ” አለ። “እኔ የሠራሁት ትራክተር ተገለበጠ ከተባለ የተገለበጠችው መሬቷ ናት።”

ሰፊውን አክስል ከአንድ የሞተ ትራክተር ላይ ፈትቶ አመጣው። ሞተሩን በክሪክ አነሳና ከሥሩ ወፋፍራም ግንድ ደረደረ። ጠባቡን እግር ሲያወጣው ትራክተሩ ፊቱን አየር ላይ ሰቅሎ ቀረ። ግቢው ውስጥ የነበርን ሁሉ ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤቶች አዲሱን አክስል ተሸክመው ወደ ቦታው አስጠጉት። መካኒኩ በሆዱ ተኝቶ “ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ” ሲል ቆየና ግራሶ የተቀባውን ወፍራም ዘንግ በመሐሉ ቀዳዳ አሳለፈው። ያ ሁሉ ብረት በዚያች አንዲት ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ሚዛን ሲወዛወዝ አየሁ። በሥራዬ ብዙ ፋብሪካ ሲመረቅ፣ ብዙ ሪባን ሲቆረጥ ቆሜ ጽፌአለሁ። እንደዚያ ቀን አፌን ከፍቼ የቀረሁበትን ግን አላስታውስም።

መሪውን አገናኝቶ ክሪኩን ሲያወርደው ትራክተሩ እግሮቹን ከፍቶ ቆመ። አጎቴ ለቁልፉ እጁን ዘረጋ። ባለቤቱ ግን መካኒኩን ነበር የምታየው።

“ዋሱ የት ነው የሚቀመጠው?”

“የት ማለት?”

“እሱ ተዳፋቱን ሲወጣ። ዋስ ከሩቅ አይሆንም።” ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ በአገጯ አሳየችው።

መካኒኩ ሳቀና መሳቁን አቆመ። ከግቢው ወጥቶ ብቻውን ወደ ማሳው ሄደ። እየተጎነበሰ መሬቱን አየ፤ ቁልቁል አየ፤ እንደገና ሽቅብ አየ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

“እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይኼኛውም ይገለበጣል። ትራክተሩ ሲያዘነብል ሰፊው እግር ይደግፈዋል፤ ተዳፋቱ ከበዛ ግን እሱም አያድነውም። እስከዚያች የተዳፋቱ መካከል ግራር ድረስ ዋስ ነኝ። ከግራሯ በላይ አይደለሁም።”

“አሁን ነው እንዴ የምትነግረኝ?” አለ አጎቴ።

“ላይ ትቀመጣለህ የተባልኩትስ መቼ ነው ጋሼ?”

እሷ ግራሯን አየት አደረገች። “መጀመሪያ እንደዚህ ብትል ኖሮ እነዚህን ሽማግሌዎች አላደክምም ነበር” አለች። የመቀነቷ ቋጠሮ ከሚያዝያ ጀምሮ ጠብቆ ስለነበር የፈታችው በጥርሷ ነው።

አጎቴ ምርኩዙን ለእኔ ሰጥቶ ትራክተሩ ላይ ወጣ። መካኒኩ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ያዘ። ተዳፋቱ ላይ ሚያዝያ የተገለበጠበት ቦታ አፈሩ እንደተቦረቦረ ነበር። እዚያ ሲደርስ የግራው የፊት ጎማ አንድ የአፈር ጉብታ ላይ ወጣ፤ አክስሉ ባንድ ወገን ከፍ፣ ባንድ ወገን ዝቅ አለ። ከበላዩ ያለው ሞተር፣ መሪው፣ የአጎቴ ትከሻ ግን እንዳሉ ነበሩ። ጎማው ጉብታውን ወርዶ አክስሉ ወደ ቦታው ሲመለስም የአጎቴ ባርኔጣ አልተነቃነቀም። እሷ በላይኛው በኩል አብራ እየተራመደች አንድ እጇን ወደ ትራክተሩ ዘርግታ ነበር። ቢገለበጥ ያ እጅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። እስከ መጨረሻው ግን አላወረደችውም።

ከግራሯ ሥር ሲደርስ ማንም ሳይነግረው አዞረ።

መካኒኩ ወርዶ ሱሪውን አራገፈ። “ዋስነቴ አበቃ?”

“ገና መጀመርህ ነው” አለችው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ታስጠራው ነበር፤ እያጉረመረመ ይመጣል፤ ዘንጉን አይቶ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ አንዴ ይወጣል፣ ይወርዳል።

በዚያ ዓመት ሽምብራው ተዘራ። ለቡ በሄድኩ ቁጥር ማሳውን ከመንገዱ ቆሜ አየው ነበር። ከግራሯ በታች ጥቁር ትልም፣ ከግራሯ በላይ ያልተነካ ሣር፤ መካከላቸው በገመድ የተለካ የሚመስል መስመር። ቁልፉን አጎቴ ማታ ማታ ይመልስላታል፤ እሷም መቀነቷ ላይ ትቋጥረዋለች፤ አሁን ግን ላላ አድርጋ።