ለልጄ የተሳልኩት ድንጋይ

በ2016 ዓ.ም. በበጋ፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ስለቴን ላደርስ፣ ድንጋይ ፍለጋ ከድሬ ወጣ ብላ ወዳለችው ሐርላ ሄድኩ። ልጄ ማርታ በዴንጊ ትኩሳት በጠና ታማ ሳለ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን አጥር አንድ መኪና ድንጋይ ተስዬ ነበር። እግዚአብሔር ሰማኝ። ያን ዕለት ደኅና ሆና አብራኝ ሄደች።

ከሳቢያን ስንወጣ

በማለዳ ከሰፈራችን ከሳቢያን በጎረቤታችን በቶፊቅ አይሱዙ የጭነት መኪና ተነሣን። ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ትኩስ ሳምቡሳ ገዛን። ቶፊቅ በአንድ እጁ እየበላ በሌላው እየነዳ፣ “እማማ፣ የማሳይሽ ድንጋይ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠራቢ አይፈልግም” አለኝ።

ከከተማው ወጥተን ኮረኮንቹን ያዝን። ግራር፣ ቁልቋል፣ አገዳ የተጫኑ ግመሎች። ማርታ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ እንደ ሕፃን ትስቃለች። እሷን ማየቱ በቃኝ።

ኮረብታው ላይ

መኪናው ሲቆም ማርታ ደነገጠች። “ቶፊቅ፣ ከዚህ አይሆንም!” አለች። እሷ የድንጋይና የአፈር ጥናት ባለሙያ ናት። ከመታመሟ በፊት ይህ ቦታ እንዲጠበቅ ስትደክም ከርማለች፤ በሌላ በኩል ስለመጣን ነው መንገዱን ያላወቀችው።

ጎንበስ ብላ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች። ከአለቱ ውስጥ የተጠቀለለ ዛጎል ወጣ፤ ከጎኑም ሌላ።

“እማዬ፣ እዚህ ድሮ ባሕር ነበር። አንዴ ከፈለጥነው አይመለስም።”

“አቦ፣ ባሕሩ ጥሎን ሄዷል፤ ድንጋዩን እንኳ እንውሰድ!” አለ ቶፊቅ ዲጂኖውን እንደያዘ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። “ላንቺው የተሳልኩት ነው” አልኳት። “ለእግዚአብሔር የተባለ ነገር ይቀራል ወይ?” ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ፍየል የሚጠብቁ ፋጡማ የሚባሉ ባልቴት ወደ እኛ መጡ። ማርታን ሲያዩ “አልሐምዱሊላህ!” ብለው አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“እናቷ ነሽ? እኛ ልጅሽ ካስረዳችን ወዲህ ከዚህ ላንፈልጥ ዱዓ አድርገን ተማምነናል። የልጄ ቤት ግድግዳው እንደተጀመረ ቆሟል፤ ድንጋይ ከሩቅ በአህያ ነው የምናመጣው። ታማለች ሲሉንም እዚሁ ቆመን ዱዓ አደረግንላት።”

አማተብኩ። “ቶፊቅ፣ ዲጂኖውን መልስ” አልኩ።

“ባዶ መኪና ይዤ ልግባ? ሰው ይስቅብኛል፣ ወላሂ!”

“ልጄን ይዘህ አይደለም እንዴ የምትገባው?”

ፋጡማ የፍየል ወተት ሰጡን። የፍስክ ቀን ነበርና አመስግኜ ጠጣሁ።

ወደ ቤት

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድሬ ገባን። ልጄን ያተረፈልኝ የኔ ጸሎት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስለቴ ግን ገና አልደረሰም፤ ፈርቼ አደርኩ።

በማግስቱ ከኪዳን ጸሎት በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። “ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ሂጂና ከሌላ ቦታ አምጪ” አሉኝ። ከማርታና ከቶፊቅ ጋር ሰው ሁሉ ወደሚጭንበት የድንጋይ ካባ ሄድን። የመጀመሪያውን ጭነት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አራገፍን። ተመልሰን ሁለተኛውን ጫንን፤ እሱን ይዘን ወደ ፋጡማ ልጅ ቤት ተጓዝን።