የበዕውቀቱ ተንሳፋፊ ጠጠር

በዕውቀቱ ሜክሲኮ አጠገብ ባለ ኮሌጅ ፊዚክስ የሚያስተምር የአብነት ሰፈር ልጅ ነው። በ2015 ክረምት ኮሪያ ውስጥ ተመራማሪዎች በክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት የሚያስተላልፍ ድንጋይ ሠራን ሲሉ፣ እሱም እርሳስና መዳብ ከፎስፈረስ ጋር በላቦራቶሪው ምድጃ አቃጥሎ ጥቁር ጠጠር አወጣ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ማግኔት ላይ ይንሳፈፋል፤ የእሱንም ሲያስቀምጠው አንድ ጫፉ ብድግ አለ። ያንን በቪዲዮ ቀርጾ፣ ምንም ሳይለካ፣ «ተሳክቷል» ብሎ ለቀቀው። ሰፈሩ ፕሮፌሰር ሲለው አቤት ማለት ጀመረ።

ባልደረባው ነስሪን መለኪያ አምጥታ ሞከረችው። ጠጠሩ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከገል አይሻልም።

«ታዲያ ለምን ተነሣ?» አላት።

«ብረት ገብቶበት ነዋ። ማግኔት ላይ ሚስማርም ይቆማል።»

«መለኪያሽ ነው የተበላሸው» አለ።

ብዙም ሳይቆይ የውጭ ላቦራቶሪዎችም ሞክረው እንዳልሠራላቸው ተናገሩ። በዕውቀቱ ቪዲዮውን አላጠፋም፤ ስለ ምቀኞች የሚያወራበት ሌላ ጨመረበት።