መቀስና የዘገየው ጥይት

መቀስ ሲቆጣ አይጮህም። ድምፁ ዝቅ ይልና ቃላቱን አንድ በአንድ ቆርጦ ያስቀምጣቸዋል፤ የሚያውቁት ሰዎች ይኼኔ ነው ቀስ ብለው ከአጠገቡ ዞር የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ግን በቁጣው አይደለም፣ በሥራው ነው። በልብስ ፋብሪካው መቁረጫ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሟል። ስልሳ ያህል ጨርቅ እርስ በርሱ ተነባብሮ፣ ላዩ ላይ በጠመኔ ተሰምሮ ይመጣለታል። እሱ ደግሞ እንደ ቀበቶ ሳያቋርጥ በሚሽከረከር ቀጭን ቢላ ላይ ክምሩን እየገፋ እጅጌውን ለብቻ፣ አንገትጌውን ለብቻ ያወጣዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ቅንድቡ ላይ የጨርቅ ብናኝ አይጠፋም።

ይህን ሥራ ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ጡረታ የወጣው ሁለት ጣቱን ቢላው ላይ ትቶ ነው። መቀስ ሊጠይቀው ሲሄድ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እጁ መዘግየት ከጀመረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ ያንንም እያወቀ ዝም እንዳለ ነገረው። መቀስ ያን ዕለት ለራሱ ማለ፤ የእኔ እጅ የዘገየ ቀን ማንም ሳይነግረኝ ከቢላው ላይ እወርዳለሁ አለ። መሐላው ጥሩ ነበር። ጣጣው እጅ መዘግየቱ በምን ይታወቃል የሚለው ነው።

መቀስ መለኪያውን አገኘሁ ያለው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ትልቁ ልጁ ትዳር ይዞ ሲወጣ ነው። ልጁ የጌም ማሽኑን እናቱ ቤት ጥሎት ሄደ፤ ውስጡ የቀረው ጌም ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከግራ ወደ ቀኝ ትበራለች፣ ጠላት ከፊቷ ይመጣል፣ ቀጥሎ ስክሪኑ ሁሉ ጥይት ይሆናል። ሁለት ሦስት ጥይት እንዳይመስላችሁ። ከጣሳ እንደተደፋ አዝራር ነው የሚፈሰው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ዓይን ማሳረፊያ የለም። ጥይት የአውሮፕላኗን ክንፍ ቢነካ ምንም አይደለም፤ መሃሏ ላይ ያለችው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነጥብ ከተነካች ግን አለቀላት። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያ ወዲህ ይሮጥና ወዲያው ይሞታል። መቀስ አይሮጥም። ጣቱን ነካ ያደርጋል፣ አውሮፕላኗ ፀጉር የምታህል ርቀት ፈቀቅ ትላለች፣ ጥይቱ ያልፋል። ቢላው ላይም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ነው ጌሙ የገባው።

ሌላው ሰው ጠዋት ተነስቶ ዜና ይሰማል፣ መቀስ አንድ ዙር ይጫወታል። አራተኛው ደረጃ ላይ ሸርጣን የመሰለ ትልቅ መርከብ አለ፤ ከተሰጡት አውሮፕላኖች አንዷን ብቻ ከስሮ ያንን ካለፈ ጃኬቱን ለብሶ ይወጣል። ባለቤቱ ወጥ ቤት ሆና በግድግዳው በኩል ስትሰማው ኖራለች። መጀመሪያ ላይ አንተ ሰውዬ ልጅ ድረህ በአውሮፕላን ትጫወታለህ ወይ ብላ ቀልዳበት ነበር፣ በኋላ ተወችው። ለእሷም ያልነገራት ነገር ግን ይህ ለእሱ ጨዋታ አለመሆኑን ነው። በየጠዋቱ እጁን መመርመሩ ነበር።

እንግዲህ ልጁ ከስድስት ሳምንት በፊት ከጓደኛው ጋር ተሸካክመው ግድግዳውን የሚሸፍን ፍላት ቴሌቪዥን ይዘው መጡ። የእናቴ ዓይን እንዳይደክም ብዬ ነው አለ። አሮጌውን፣ ጀርባው የጎበጠውን ቴሌቪዥን ያኑ ቀን አውጥቶ ለሆነ ሰው ሰጠው። አባቱን አልጠየቀም፤ ለመልካም ነገር ማን ይጠይቃል ብሎ ይሆናል። እናቱ እልል ማለት ነው የቀራት። መቀስም እግዜር ይስጥልኝ አለ፣ ደስም አለው።

በማግስቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሦስት ጊዜ ሞተ።

እንቅልፍ አልጠገብኩም አለ። በሦስተኛው ቀን ብርድ ነው አለ። ሳምንት ሲሞላው ሰበብ አለቀበት። ጥይቱን ያየዋል፣ ክፍተቱን ያየዋል፣ ይጫናል፣ አውሮፕላኗ ግን ከሞተች በኋላ ነው ልትንቀሳቀስ የምትፈልገው። ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን ሸርጣን አሁን ደጁም አይደርስም። ጥርሱን ነክሶ ይደግማል፣ ይሞታል፣ ቆሽቱ እያረረ ወደ ሥራ ይሄዳል።

ቴሌቪዥኑን አልጠረጠረም። እዚህ ላይ እኔም አብሬው እናደዳለሁ። ዕቃው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የጠላት መርከቦች ላይ ያለው ብሎን ሳይቀር ይቆጠራል፤ እሱ ደግሞ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ አርጅቷል ከተባለ ጥፋተኛው ማን እንደሚሆን ለመቀስ ግልጽ ነበር። ለባለቤቱ አልነገራትም፣ ለልጁም አልነገረውም። ነገሩን በሆዱ ይዞ አራት ሳምንት ቢላው ፊት ቆመ፤ ግራ እጁ በጨርቁ ላይ በተንሸራተተ ቁጥር የሽማግሌው ፋሻ ዓይኑ ላይ ይመጣበታል።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገባና በእጁ የጻፈውን ወረቀት ሰጣት። ዓይኔና እጄ ስለደከሙ ከመቁረጫው ላይ ተነሥቼ ሌላ ሥራ እንዲሰጠኝ ይላል፣ ከሥሩ ፊርማው አለ። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀችው። ሁለቴም እርግጠኛ ነኝ አላት። በማግስቱ፣ የከሰዓት በኋላ ፈረቃ ላይ የነበረ ሌላ ቆራጭ ወደ ቢላው መጣ፣ መቀስ ደግሞ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ሸሚዝ ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ ሄደ። እዚያ ያሉት ሴቶች ደግ ናቸው፤ ጋሼ ይቀመጡ እያሉ ወንበር ያቀርቡለታል። በየቀኑ ወንበሩን በእግሩ ይገፋዋል።

ነገሩ የፈነዳው በእረፍት ቀን፣ ልጁ ሊጠይቃቸው በመጣበት ጊዜ ነው። ባለቤቱ ለምሳ ሳህን እያቀራረበች ድንገት ፊቱን ትኩር ብላ አየችውና ቅንድብህ ላይ ብናኝ ካየሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ አለችው። ሥራህን ምን አደረግከው? ሊያሳብብ ሞከረ፣ አላስቻለውም። እጄ ዘግይቷልና በራሴ ፈቃድ ወረድኩ አላት። ማን ነገረህ ስትለው በአገጩ ወደ ጌም ማሽኑ አመለከተ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ እንደሚሞት፣ ድሮ እንደማይሞት ነገራት።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እጅህ አይደለም የዘገየው» አለች። «ቁልፉን ስትጫን ቀጭ ሲል ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል። ድሮ ቀጭ ሲልና ጥይቱ ሲጮህ እኩል ነበር። ይሄ ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ መጀመሪያ ቀጭ ይላል፣ ጥይቱ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጮኸው። እኔ እኮ የምታውቅ መስሎኝ ነው።»

መቀስ ተነስቶ ጌሙን ከፈተ። ዓይኑን ጨፈነና አንዴ ተጫነ። ቀጭ አለ፤ ጥይቱ ኋላ መጣ። ደገመው። ቀጭ፣ ከዚያ ጥይት። ልዩነቱ ዓይን እንደማርገብገብ ያለ ነው፤ ግን ያ ጌም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው ሰው የሚገድለው።

ልጁ ሪሞቱን አነሳ። ሴቲንግ ውስጥ ገባ፣ አራት ጊዜ ቁልፍ ነካ፣ «ጌም» የሚል አገኘና አበራው። ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ለማሳመር ሲል ነው የሚዘገየው አለ፣ ይሄን ስታበራው ማሳመሩን ይተዋል። የውሃ ቧንቧ የዘጋ ያህል በቀላሉ ነው የተናገረው። መቀስ ተቀመጠና ተጫወተ። አንደኛውን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛውን አለፈ። ሸርጣኑ መጣ፣ ስክሪኑ በጥይት ተሞላ፣ አውሮፕላኗ በመካከሉ ፈቀቅ ፈቀቅ እያለች አንዴም ሳትነካ ወጣች። ባለቤቱ አፏን በእጇ ያዘች።

ልጁ ሳቀ። ጎበዝ አባዬ አለ። ያን ባይል ጥሩ ነበር።

«ቴሌቪዥን አምጣልኝ ያለህ ማነው?» አለ መቀስ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «አሮጌውንስ አውጣልኝ ያለህ?»

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። ብትነግረኝ እኮ በዚያው ቀን አስተካክልልህ ነበር አለ፤ እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ መቀስን ይበልጥ አቃጠለው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ቦታ አራት ቁልፍ ባለመንካትህ አሳጣኸኝ አለው። ሚስቱ ልጁ ምን አጠፋ ብላ ብትገባበት በእሷም ላይ ዞረ፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ እየሰማሽ ዝም ያልሽው ምን ሆነሽ ነው አላት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከጎኔ ተኝተህ ዝም ያልከው አንተ አይደለህም ወይ ብላ መለሰችለት። ልጁ ምሳ ሳይበላ ወጣ።

በማግስቱ ገና ማሽኖቹ ሳይነሱ የኃላፊዋ ቢሮ ገባ። ቢሮው በአዳራሹ ጥግ በመስታወት የተከለለ ክፍል ነው፤ ከዚያ ሆኖ ሲያይ አዲሱ ቆራጭ በእሱ ቢላ ላይ ዘይት እየጠረገ ነበር። ኃላፊዋ በዕድሜ ከልጁ ብዙም አትበልጥም። ጌሙን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቀጭታውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት። ትስቃለች ብሎ ነበር፤ ብትስቅ የሚላትን ሌሊቱን ሲያዘጋጅ አድሯል። አልሳቀችም። መሳቢያዋን ከፈተችና ወረቀቱን አወጣች።

ዓይኔና እጄ ደክመዋል ብሎ በእጁ የጻፈን ሰው መልሳ ቢላ ፊት ልታቆም እንደማትችል ነገረችው። አንድ ነገር ቢደርስ ይህ ወረቀት እሷ ፊት ነው የሚቀርበው። የሐኪም ማስረጃ ያምጣና እናያለን፣ ቦታው ግን አሁን ሰው አለበት አለች። መቀስ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። እኔን ያደከመኝ ቴሌቪዥን ነው ብዬ ነገርኩሽ፣ ምኑ አልገባሽም አላት፤ ድምፁ በጣም ወርዶ ነበር። ኃላፊዋ ዞር አላለችም። ከመደርደሪያው አንድ መዝገብ ስባ ገጹን ገለበጠችና ወደ እሱ አዞረችው። የመቁረጫው የጥራት ምርመራ ነው።

«ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ ከመጣ በኋላ አራት ሳምንት ቢላው ላይ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«ይሄው፣ አንድ እጅጌ እንኳ አልተበላሸብዎትም። ቢላው ምንም ሳይልዎት ጌሙን ለምን አመኑ?»

መቀስ መዝገቡን አየው። በአራቱም ሳምንት ትይዩ የብልሽቱ መስመር ባዶ ነው። እነዚያን አራት ሳምንታት ዓይኑ እጁን ብቻ ሲጠብቅ፣ የትኛው ጣቴ ነው የሚሄደው እያለ ሲፈራ ነበር፤ እጁ የቆረጠውን ጨርቅ አንድ ቀን እንኳ አንስቶ አላየውም። ልጁን ተቆጥቷል፣ ሚስቱን ተቆጥቷል፣ ይህችን ሴትዮ ሊቆጣ ነበር የመጣው። አሁን የሚቆጣው ሰው ራሱ ብቻ ቀረው፤ በራሱ ላይ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማስደንገጥ አይችልም።

ወጥቶ ወደ ማጠፊያው ሄደ። አንዷ ወንበር አቀረበችለት፣ ሳይገፋው ቆመ። ከክምሩ ላይ አንድ ሸሚዝ ሳበና ሊያጥፍ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሸሚዙ አንገትጌ ላይ የተንጠለጠለችውን፣ ማን እንደቆረጠው የምታሳየውን የጥቅል ቁጥር አነበበ። ጨርቅ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ማጠፊያው እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ቁጥሩ የእሱ ነበር። የእጅጌውን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለው፤ ቀጥ ያለ ነው። ቀጣዩን አነሳ፣ እሱም የእሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተናደደ ሲያጥፍ የከረመው፣ ደክሟል ብሎ የፈረመበት እጅ የቆረጠውን ሸሚዝ ነበር።